የጓሮው ኩሬ ከበረዶ ሲወጣ

«አርባ አራት» አሉ ጋሼ፣ ገመድ የታሰረበትን ቴርሞሜትር ከውሃው እየሳቡ። «ገና ናቸው።»

ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ወሩም ማርች። ከጡብ ቤቱ ጀርባ ያለችው ኩሬ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ያህል ናት። የሣሩ ቀለም ገና አልተመለሰም፤ አጥሩ ጥግ፣ ጥላ ባለበት፣ ያልቀለጠ በረዶ ይታያል። ፀሐይዋ ግን ካፖርት ታስወልቃለች። ሻይ በመሰለው ውሃ ሥር ብርቱካንማና ነጭ ጀርባዎች ቀስ ብለው ያልፋሉ። የጋሼ የልጅ ልጅ የመኖውን ቆርቆሮ ታቅፋ ቆማለች።

«አባባ፣ አፋቸውን እየከፈቱ ነው እኮ። ርቧቸዋል።»

«አውቃለሁ እናቴ። ሆዳቸው ግን ገና አልነቃም። ሃምሳ ሲገባ አንቺው ትሰጫቸዋለሽ።»

አርባ አራት ዲግሪ ፋራናይት 7 ሴንቲግሬድ አይሞላም። ሃምሳው ደግሞ 10 ሴንቲግሬድ ነው። በጓሮ ኩሬ ጉዳይ ከዚህ ቁጥር የሚበልጥ ቁጥር የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከእሱ በታች መመገብም፣ አጥቦ ማጽዳትም፣ አዲስ ዓሣ መጨመርም ጉዳቱ ያመዝናል። የመጀመሪያዋ ሞቃት ቅዳሜ ስትመጣ ግን ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለሥራ ተነሳስቶ ነው። ሣሩን ያጭዳል፣ መስኮቱን ይወለውላል፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ኩሬው ያዞራል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚህ አካባቢ ለረጅም ዓመት ኩሬ የያዙ ሰዎች ከጃንዋሪ ይልቅ ኤፕሪልን ይፈራሉ።

ምክንያቱን ለመረዳት ዓሦቹ የበረዶውን ወራት እንዴት እንዳለፉ ማየት ያስፈልጋል። ውሃ እጅግ ከባድ የሚሆነው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ መልሶ ይቀላል፤ በረዶ ሆኖም ከላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በቂ ጥልቀት ባለው ኩሬ ላዩ ሲጋገር ሥሩ 4 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይቆያል። ጎልድፊሽና ኮይ የተባሉት የጌጥ ዓሦች እዚያ ታች ወርደው፣ ክንፋቸውን ሰብስበው፣ ሳይበሉ ይከርማሉ። የዓሣ ሰውነት የራሱ ሙቀት የለውም፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ አብሮ ይቀዘቅዛል፤ የልብ ምቱም፣ የአንጀቱ ሥራም፣ ትንፋሹም ይዘገያል። የሚኖረው በመከር ባጠራቀመው ስብ ነው። ማርች ላይ ስታዩት የቆመ ይምሰል እንጂ ስንቁን ጨርሷል።

የበሽታ መከላከያውም አብሮት ተኝቶ ነው የከረመው። የሚጎዱት ነገሮች ግን ቀድመውት ይነቃሉ። ኤሮሞናስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ውሃው ከ5 ዲግሪ ጥቂት ከፍ እንዳለ መራባት ይጀምራሉ፤ የዓሣው መከላከያ በሙሉ አቅሙ ለመሥራት ደግሞ 15 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያሉት ሳምንታት ናቸው አደገኞቹ። ጎኑ ላይ ቀይ ቁስል የሚያወጣ፣ ክንፉ የሚሸረፍ፣ ሰውነቱን ከድንጋይ ጋር የሚያሽ ዓሣ የሚታየው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ኩሬው በፀሐይ ቶሎ ቢሞቅ መንገዱ ያጥራል። ቀን 18 ሌሊት 3 ዲግሪ እየሆነ የሚዋልል የሜሪላንድ ኤፕሪል ግን ያራዝመዋል።

ጋሼ ይህን የተማሩት በራሳቸው ኪሳራ ነው። ኩሬዋን በቆፈሩ በዓመቱ፣ ቼሪው በፈካበት ሳምንት፣ ዓሦቹን በባልዲ አውጥተው ውሃውን እስከ መጨረሻው አፈሰሱት። ግድግዳውን በውሃ ግፊት አጠቡ። የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ሥር ነጭ እስኪሆን ጨመቁት። ከዚያ ጎማውን ለቀው ኩሬዋን ሞሏትና ዓሦቹን መለሱ። «ሥሯ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር» ይላሉ። ባለቤታቸው የጎረቤቱን ሰው ሁሉ ጠርተው አሳዩ። በሁለተኛው ሳምንት ከአሥራ አንዱ ዓሦች አራቱ ብቻ ቀሩ።

እዚያ ኩሬ ውስጥ የተፈጸመው ጥፋት በዓይን አይታይም። ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወጣው ቆሻሻ በአብዛኛው አሞኒያ ነው፤ የሚያስወጣውም በስንጥቡ በኩል፣ ሲተነፍስ ነው። አሞኒያ መርዝ ነው። ኩሬ ለኑሮ የሚመቸው በድንጋዩ፣ በፕላስቲኩ ግድግዳና በስፖንጁ ላይ የሚኖሩ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ስላሉ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው፣ የዓሣውን ደም ቡናማ አድርጎ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግደዋል። ሁለተኛዎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት በመጠኑ ጉዳት የለውም፣ ተክል ይመገበዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው የሚራቡ ናቸው። በሞቀ ውሃ እንኳ ከባዶ ጀምረው ሥራውን በሙሉ ለመያዝ ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ ከ10 ዲግሪ በታች ደግሞ ሥራቸው እጅግ ይዳከማል። ያ ቡናማ ለስላሳ ልባስ፣ ብዙ ሰው ቆሻሻ ብሎ የሚፍቀው፣ የኩሬው ጉበትና ኩላሊት ነው። ጋሼ የጸደይ ጽዳት ብለው ያጠቡት እሱን ነበር።

የአሞኒያው ክፋት ደግሞ ከውሃው ባሕርይ ጋር ይለዋወጣል። ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) 7 በሆነና 20 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከግማሽ በመቶ ያንሳል። ፒኤች 8 ሲሆን ወደ 4 በመቶ ይጠጋል፤ 9 ሲደርስ ከሩብ በላይ ይሆናል። በጸደይ አልጌው ሲፈላ ቀን ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከውሃው ይስብና ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ጠዋት ደህና የነበረ ኩሬ ከቀትር በኋላ ሊመርዝ ይችላል። የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የፒኤች መመርመሪያ ጠብታ የያዘ ካርቶን ከዓሣ መሸጫ መግዛት ከሁሉም ወጪ የሚቀድም ነው የምለው ለዚህ ነው። ከፏፏቴውም፣ ከመብራቱም፣ ከጌጡ ድንጋይም በፊት።

ሌላው ጉዳይ የቧንቧ ውሃው ነው። እዚህ ላይ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሰው በተለይ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ የሰፈር ልዩነት ትርጉም አለውና። የሲልቨር ስፕሪንግን ቤቶች ጨምሮ ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎችን የሚያጠጣው ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ የተባለው የውሃ ድርጅት ውሃውን በክሎሪን ያክማል። ዲሲና አርሊንግተን የሚጠጡት ውሃ ግን ከእ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2000 ጀምሮ በክሎራሚን፣ ማለትም ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው በሚፈጥሩት ውሁድ ይታከማል። ክሎሪን ባልዲ ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ ሲያድር እየተነነ ይሄዳል። ክሎራሚን ግን እንዲህ በቀላሉ አይተንም። ውሃን አሳድሮ መጠቀም የለመደ ሰው ከሜሪላንድ ወደ ዲሲ ቤት ቢቀይር ያው ልማዱ ዓሦቹን ይጎዳበታል። ሁለቱም የስንጥቡን ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ሁለቱም የማጣሪያውን ባክቴሪያ ይገድላሉ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የዲሲና የአርሊንግተን ውሃ በየዓመቱ በጸደይ፣ ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ ቧንቧዎቹን ለማጽዳት ሲባል ከክሎራሚን ወደ ክሎሪን ይቀየራል፤ ከዚያም ይመለሳል። ማለትም ሰው ኩሬውን ሊያድስ ጎማውን በሚከፍትበት በዚያው ሰሞን የውሃው ሕክምና ይለወጣል። የውሃ ድርጅቶቹ ይህን አስቀድመው ያስታውቃሉ፤ በማስታወቂያው ላይም ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች እንዲጠነቀቁ ይጽፋሉ። ከቢል ጋር ስለሚመጣ ብዙ ሰው ሳያነብ ይጥለዋል። እባካችሁ አንብቡት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ክሎሪን የሚያጠፋ ፈሳሽ ወይም ዱቄት በየዓሣ መሸጫው አለ። በክሎራሚን የታከመ ውሃ ላይ ከሆነ ግን ክሎሪኑን ብቻ ሳይሆን የሚቀረውን አሞኒያም የሚይዝ ዓይነት መሆኑን ከጠርሙሱ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ተራው ሶዲየም ቲዮሰልፌት ውሁዱን ሰብሮ አሞኒያውን ለዓሣው ይተውለታል። መጠኑን ለማወቅ ኩሬውን መለካት ነው። የጋሼ ኩሬ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቷ 80 ሳንቲሜትር ነው፤ ሲባዛ 4,800 ሊትር፣ በዚህ አገር መለኪያ 1,270 ጋሎን ገደማ ይሆናል። ውሃውን በጎማ በቀጥታ ወደ ኩሬው የሚጨምር ሰው መድኃኒቱን የሚያሰላው በሚጨምረው ውሃ ልክ ሳይሆን በጠቅላላው ኩሬ ልክ ነው፤ የሚያስገባውም ጎማውን ከመክፈቱ በፊት ነው።

አሁን ጋሼ የሚሠሩትን ልንገራችሁ፤ ከሠላሳ ዓመት ታክሲ መንዳት በኋላ የያዙት ትዕግሥት እዚህ ላይ ይታያል። ቴርሞሜትሩ 50 ፋራናይት ከማለቱ በፊት እጃቸው የሚነካው ቅጠል ብቻ ነው። በመከር መረብ ቢያለብሱም ከጎረቤት የኦክ ዛፍ የገባ አይጠፋም። ረጅም እጀታ ባለው መረብ ላይ ላዩን፣ ከዳር ወደ ዳር፣ ይለቅሙታል። ሥሩን አይቧጥጡም። ከታች የተጠራቀመው ጥቁር ዝቃጭ ኦክስጅን በሌለበት ሲበሰብስ የከረመ ነው፤ በድንገት ሲታወክ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይለቃል፣ ጋዙም ዓሣ ይገድላል። ዝቃጩ በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ፣ በመምጠጫ፣ አንድ ጥግ እየተያዘ ይወጣል። አብሮ የሚቀነሰው ውሃ ከኩሬው ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ ቢሆን ይበቃል። የተመጠጠው ጥቁር ውሃ ለጎመኑና ለቃሪያው መደብ ይሄዳል፤ ባለቤታቸው በዚህ አይደራደሩም።

ስፖንጁ የሚጨመቀው በዚያው በኩሬው ውሃ፣ በባልዲ ውስጥ ነው። ውሃው እንዲያልፍ ያህል ብቻ፤ ነጭ እስኪሆን አይደለም። ሁለት ስፖንጅ ካለ ዛሬ አንዱ፣ ሁለተኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ። ፓምፑ ከመጋዘን ወጥቶ ይፈተሻል፤ ሽቦው የተላጠ ከሆነ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ የሚሰካውም የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲሰማ ራሱን የሚያጠፋ ሶኬት ላይ ብቻ ነው። ፓምፑ ሲነሳ ለመጀመሪያው ሰሞን ከሥር ሳይሆን ከመሃል ከፍታ ይቀመጣል፤ ዓሦቹ ገና የሚያርፉበትን የታችኛውን ውሃ ከላይኛው ጋር እንዳያተራምሰው።

መኖው በመጨረሻ የሚመጣ ነው። ውሃው ለተከታታይ ቀናት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይወርድ ሲቆይ፣ ከስንዴ የተዘጋጀ፣ ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ መኖ በጥቂቱ ይሰጣል፤ በአምስት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ፣ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን። 15 ዲግሪ ሲያልፍ ወደ መደበኛው ይዞራል። በቀዘቀዘ ሆድ ውስጥ የገባ መኖ ሳይፈጭ ይቆያል፤ ያልተበላው ደግሞ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል።

ይህ ሕግ ከባድ ፈተና የሚገጥመው በፋሲካ ነው። የዚያን ዕለት ጓሮው በእንግዳ ሞልቶ ነበር፤ ልጆቹ ከድፎው ዳቦ እየቆረሱ ወደ ኩሬዋ ሲወረውሩ የጋሼ ባለቤት እትዬ ከበረንዳው አዩአቸው።

«ኧረ ልጆች፣ ተዉ! የነሱ ጾም ገና አልተፈታም!»

ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ግን ሳይስቁ ወርደው የተንሳፈፈውን ዳቦ በመረብ ለቀሙት። ውሃው 53 ፋራናይት የደረሰው ገና ያን ቀን ነበር።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው፣ ለምን ጌጥ ብቻ፣ ለምን ለምግብ የሚሆን ቆሮሶ አታረቡም ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቆሮሶ የሞቀ ውሃ ዓሣ ነው፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድበት ይሞታል፤ የሜሪላንድን በረዶ በውጭ ኩሬ ሊያልፍ አይችልም። ኮይ ግን ያው ካርፕ ነው፤ ለቀለሙ ሲባል በጃፓን ተመርጦ የተራባ ካርፕ። ካርፕ ከውጭ ገብቶ ዛሬ በዝዋይም በቆቃም ይጠመዳል። እንግዳው ያን ከሰማ በኋላ ወንበሩን ወደ ኩሬዋ አስጠግቶ ተቀመጠ።

የጎልድፊሽ ነገር ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1878 አድሚራል ዳንኤል አመን ከጃፓን ያመጡትን ጎልድፊሽ የአሜሪካ የዓሣ ኮሚሽን በዋሽንግተን ባሉት ኩሬዎቹ አራብቶ ለከተማው ነዋሪ በነጻ ያድል ነበር። ከዚያም በሜሪላንድ የፍሬድሪክ ካውንቲ ገበሬዎች በማሳቸው ኩሬ ቆፍረው ጎልድፊሽ ማርባት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1917 እዚያ የተቋቋመው የዓሣና የውሃ አበባ እርሻ ኋላ ላይ በኦፔራ ዘፋኟ በሊሊ ፖንስ ስም ሊሊፖንስ ተብሎ ተጠርቷል።

ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚደነግጠውና መድኃኒት የሚገዛው በዚህ ጊዜ ነው፤ አያስፈልግም። ሲከርም የተጠራቀመ ምግብ ውሃው ውስጥ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ የሚሻሙ ተክሎች ግን ገና ቅጠል አላወጡም። ስለዚህ አልጌው ብቻውን ይበላል። የውሃ አበባው ቅጠሉን ዘርግቶ ግማሽ ያህሉን ፊት ሲሸፍን አረንጓዴው ራሱ ይለቃል። አልጌን በመርዝ በአንድ ጊዜ መግደል ብስባሹ ኦክስጅኑን ጨርሶ ዓሦቹን እንዲያፍን ማድረግ ነው። ክር የመሰለውን አልጌ በቅርንጫፍ እየጠመጠሙ ማውጣት ይሻላል።

ተክል ለመግዛት ወደ አትክልት መሸጫ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ግን እዚያ የሚያስደነግጠው ነገር ይጠብቀዋል። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ግንዱ ያበጠ፣ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ተክል፣ ዋጋ ተለጥፎበት፣ በገንዳ ውስጥ ተንሳፎ ይሸጣል። እምቦጭ ነው። ጣና ላይ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመዘገበው፣ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ውሃ ውስጥ ደረቱ ድረስ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው የከረመው፣ ያው አረም። መነሻው የአማዞን ተፋሰስ ነው። ነጋዴው የሚለው ውሸት አይደለም፤ ለኩሬ ጥላ ይሰጣል፣ ናይትሬቱን ይመጥጣል፣ የሜሪላንድ ውርጭም ይገድለዋል። ሲመቸው ግን በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፤ ፍሎሪዳም ሰው እንዳይዘው በሕግ ከልክላለች። እኔ አልገዛውም። የውሃ አበባ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሥሩም በቅርጫት ውስጥ ይቆያል።

ስለ ዓሦቹ ጠላቶች በአጭሩ፦ ግሬት ብሉ ሄሮን የሚባለው ረጅም እግር ግራጫ ወፍ ተክሉ ሳይሸፍናቸው፣ ዓሦቹም ሳይፈጥኑ፣ በማርች ጠዋት ይመጣል። በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ አይነካም፤ መረብ መዘርጋት ብቻ ነው። ከእሱ የሚከፋው ለትንኝና ለመዥገር ተብሎ ጓሮ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ነው። ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ለዓሣ እጅግ አደገኛ ናቸው፤ ከጎረቤት በነፋስ የመጣ ጠብታም ይበቃል። ጎረቤትን ቀድሞ ማነጋገር ነው። አዲስ የተገዛ ዓሣ ደግሞ ለብቻው በገንዳ ይቆይ። እ.ኤ.አ. በ1998 በእስራኤልና በአሜሪካ የኮይ እርባታዎች ላይ በደረሰው እልቂት የታወቀው የኮይ ሄርፒስ ቫይረስ የሚነሳው ውሃው ከ16 ዲግሪ ሲያልፍ ነው፤ መድኃኒትም የለውም። ጤነኛ መስሎ በኤፕሪል የገባ ዓሣ በሜይ ኩሬውን ሊጨርስ ይችላል።

ሜይ ሲመጣ፣ ዓሦቹ እንቁላል ሊጥሉ ሲሯሯጡ፣ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ኩሬው ይጠባል። አንዳንዱ ሰው ትርፉን በባልዲ ይዞ ወደ ቅርብ ጅረት ይሄዳል፤ ነጻ ያወጣቸው ይመስለዋል። ሜሪላንድ ይህን ከፍላበታለች። እ.ኤ.አ. በ2002 በክሮፍተን ከተማ አንድ ሰው በኩሬ የለቀቃቸው ሁለት ስኔክሄድ የተባሉ የእስያ ዓሦች ተራብተው ተገኙ፤ እነሱን ለማጥፋት ኩሬው በሙሉ ተመረዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ዝርያ በፖቶማክ ወንዝ ተገኘ፤ ዛሬም እዚያ አለ።

ስለዚህ ኩሬ ያላችሁ ሁሉ፣ ትርፍ ዓሣ ሲኖራችሁ ለሌላ ባለኩሬ ስጡ፣ ወይም ለዓሣ መሸጫ መልሱ። ተክሉን አድርቃችሁ ከቆሻሻ ጋር ጣሉት። በሲልቨር ስፕሪንግ መሃል የሚያልፈው ስላይጎ ክሪክ ወደ አናኮስቲያ፣ አናኮስቲያ ወደ ፖቶማክ፣ ፖቶማክ ወደ ቼሳፒክ ይፈሳል፤ እዚያ የገባውን ማንም ሊለቅመው አይችልም።